ጃይንት ክላም ምንድን ነው?

ጃይንት ክላም ከባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው። ትሪዳክና ጊጋስ የሚባለው ዝርያ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም 200 ኪሎ ያልፋል። የዋናተኛ እግር ነክሶ ያሰጥማል የሚባለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ትልልቆቹ ቅርፊታቸውን እንኳ ጥርቅም አድርገው መዝጋት አይችሉም።

የሚገርመው አመጋገቡ ነው። ከቅርፊቱ አፍ የሚዘረጋው ለስላሳ ሥጋ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ዳር ዳሩን ጥቃቅን ዓይኖች ስላሉት ጥላ ሲያርፍበት ወዲያው ይሰበሰባል። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ያካፍሉታል፤ እሱ ደግሞ መጠለያ ይሰጣቸዋል። የሚያብረቀርቁት ሴሎችም ብርሃኑን ወደ ውስጥ እየበተኑ ከታች ላሉት አልጌዎች ያዳርሳሉ። ክላሙ ግን አልጌ ይዞ አይወለድም፤ ጨቅላ ሳለ ከባሕሩ ይወስዳል። አልጌዎቹ ብርሃን ስለሚፈልጉ ነው ክላሙ ፀሐይ የሚደርስበት ጥልቀት የሌለው ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋያማ ስፍራ) ላይ የሚኖረው። ለሰው እጅም ቅርብ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሥጋው ይበላል፤ ቅርፊቱ እንደ ዝሆን ጥርስ ተቀርጾ ይሸጣል። ባሕሩ ሲሞቅ ደግሞ አልጌዎቹ ጥለውት ይወጣሉ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ብዙም አይወራለትም። አዋቂ ክላም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዘሩንና እንቁላሉን ውኃ ላይ ይለቃል፤ ጎረቤቶቹም ያንን ሲያውቁ አብረው ይለቃሉ። አንድ ትልቅ ክላም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ቢጥልም በአቅራቢያው ሌላ ከሌለ አብዛኛው ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂቶች በሕይወት እያሉም ትውልዱ ሊቋረጥ ይችላል።

እኛው አጠገብ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ትሪዳክና ስኳሞሲና የሚባል ዝርያ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት መሠረት በሕይወት ካሉት የአካባቢው ጃይንት ክላሞች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በነበረው ሪፍ ቅሪት ውስጥ ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ቅርፊት የእሱ ነው። በጣም ያሳዝናል።

እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሁሉም ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይትስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር ነው። ፓላውና ፊሊፒንስም ጨቅላ ክላሞችን በገንዳ እያራቡ ወደ ሪፍ ይመልሳሉ። ትንንሾቹን ዓሣና ሸርጣን እንዳይበላቸው እስኪያድጉ በወንፊት ሽቦ ይከልሏቸዋል። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ያለባቸው ተቀራርበው፣ ጠባቂ ባለበት ቦታ ነው።