ጥይት ፓኮ ላይ ያለው «ግሬን» ምንድን ነው?

ኮሎራዶ ውስጥ ለአደን ጥይት ስትገዙ ፓኮው ላይ «150 ግሬን» የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሰው የባሩዱ መጠን ይመስለዋል። አይደለም፤ ከቀለሁ ተፈትልኮ የሚወጣው የአረሩ ክብደት ነው። 1 ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ስለሆነ 150 ግሬን 9.7 ግራም አካባቢ ይመጣል።

በጠመንጃ ለሚያድን የግዛቲቱ ደንብ ለአጋዘንና ለድብ ቢያንስ 70፣ ከአጋዘን ለሚተልቁት ዘመዶቹ፣ ለኤልክና ለሙስ፣ ቢያንስ 85 ግሬን ይጠይቃል። ይህ ግን ዝቅተኛው ነው። 30-06 የሚባለውን የጥይት ዓይነት በሚተኩስ ጠመንጃ ለአጋዘን 150፣ ለኤልክ 180 ግሬን የተለመደ ነው። ለጥንቸል የትንሿ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ 40 ግሬን አረር ትበቃለች።

ሰው የሚዘነጋው ሌላውን ግማሽ ነው፦ ደንቡ አረሩ ሲመታ ጫፉ ተከፍቶ የሚሰፋ እንዲሆን ያዛል። ዙሪያውን በመዳብ የተሸፈነው የወታደር አረር አይሰፋም፤ በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል። በጣም ቶሎ የሚሰፋ ቀላል አረር ደግሞ የኤልክ ትከሻ አጥንት ላይ ተበታትኖ ሊቀር ይችላል። ለኤልክ እኔ ብሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ብዙም ሳይሸራረፍ ጠልቆ ይገባል፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።