መስታወትን በኮላ መሸረፍና የሙከራ ዘዴዎቹ

በኮላ መሸረፍ የሚባለው፣ መስታወት ላይ የተቀባ የእንስሳት ኮላ ሲደርቅ ተኮማትሮ የመስታወቱን ገጽ በስሱ እየላጠ እንዲነሳ የማድረግ ሙያ ነው። ኮላው የተነሳበት ቦታ የፈርን ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይቀርበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሱቅ ማስታወቂያዎችና የበር መስታወቶች በዚህ መንገድ ያጌጡ ነበር። ዛሬም በእጅ የሚሠሩ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ከወርቅ ቅብ ጋር አጣምረው ይሠሩታል።

ለእንጨት ሥራ የሚሸጠው ነጭ ኮላ ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅም ስለሚለመጥ መስታወቱን የሚልጥ ጉልበት የለውም። የሚፈለገው ከቆዳ ወይም ከአጥንት ተቀቅሎ የወጣ፣ በቅንጣት መልክ የሚሸጥ ኮላ ነው። ጥንካሬው የሚለካው ኦስካር ብሉም እ.ኤ.አ. በ1925 የፈጠራ መብት ባገኘበት መሣሪያ ነው፦ በ10 ዲግሪ የረጋውን ኮላ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዘንግ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገፋው ስንት ግራም ክብደት እንደሚያስፈልግ ይታያል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኮላው ይበልጥ ይስባል።

ኮላው ልስልስ መስታወትን አይቆነጥጥም። ስለዚህ ገጹ አስቀድሞ በአሸዋ ርጭት ይሻከራል። የርጭቱን ዘዴ ቤንጃሚን ቲልማን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1870 አስመዝግቦታል። እንዳይሸረፍ የተፈለገው ክፍል በሚለጠፍ ሽፋን ይከለላል።

ሙከራው የሚጀመረው በትርፍራፊ መስታወት ነው፤ ዓይነቱና ውፍረቱ ግን ከዋናው ሥራ ጋር አንድ መሆን አለበት። ኮላው በውሃ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ውስጥ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ከፈላ ጉልበቱ ያልቃል። በየቁራጩ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፦ የኮላው ውፍረት፣ የአሸዋው ቅንጣት መጠን ወይም የማድረቂያው ሙቀት። የተለወጠው ነገር በቁራጩ ጀርባ ላይ ይጻፋል። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ውጤቱ ቢያምርለትም ሊደግመው አይችልም።

ዋናው ሥራ ማድረቁ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው። ኮላው መጀመሪያ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ደረቅና ሞቅ ያለ አየር ይለቀቅበታል። ያኔ ጠ-ጠ እያለ መፈናጠር ይጀምራል። ኮላው መስታወቱን ሳይነካ እንደ ወረቀት ከተነሳ፣ ገጹ በደንብ አልሻከረም ወይም የጣት ቅባት ነክቶታል። ተሰነጣጥቆ እንደተጣበቀ ከቀረ፣ አንድም እርጥበት አልለቀቀውም፣ አንድም ቅቡ ሳስቷል። ጠርዙ ላይ ብቻ ከሸረፈ፣ ቅቡ እኩል አልተዳረሰም። ሸብ ጨምሮ መሞከርም የቆየ ልማድ ነው፤ ቅርጹን ደቃቅ ያደርገዋል። አንዴ የተሸረፈውን ደግሞ መቀባት ሌላ፣ ጠጋ ጠጋ ያለ ቅርጽ ያወጣል።

ተምፐርድ መስታወት (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት) ላይ መሞከር አይገባም፤ ገጹ ሲላጥ ሙሉው ሊበታተን ይችላል። የረገፈው ኮላ የመስታወት ስባሪ ስለያዘ ዳግም አይቀለጥም፣ በባዶ እጅም አይጠረግም፤ በሚፈናጠርበት ሰዓት የዓይን መከላከያ የግድ ነው።