«የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል»፦ ከጫካው እስከ ጦር መርከቡ

«የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» የሚባለው አንድ ሰው ሥልጣኑን፣ ሀብቱን ወይም ጤናውን ሲያጣ ነው። ትናንት ቀና ብሎ ሊያየው ያልደፈረ ሁሉ ዛሬ የየራሱን ምት ሊያሳርፍበት ይመጣል። አንዱ ያማዋል፣ ሌላው ያለ ዕዳው ይከሰዋል፣ ሌላው ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ንብረቱን ይቀራመታል። «የወደቀ ዛፍ» የሚሉም አሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው። እኔ ግን «ግንድ» የሚለውን እመርጣለሁ። ግንድ ሲባል ቅጠሉና ቅርንጫፉ የተገፈፈ፣ ክብደቱ ብቻ የቀረ ነገር ይታየኛል።

ምሳሌው የወጣው ከእንጨት ቆራጭ ልምድ ነው። የቆመ ትልቅ ዛፍ ዝም ብሎ አይደፈርም። በየት በኩል እንደሚወድቅ መገመት፣ ግርጌውን ዙሪያውን መምታት፣ ሲንቋቋ ሮጦ መሸሽ አለ። አንዴ ከተጋደመ በኋላ ግን ልጅም ሽማግሌም ይደርስበታል፤ ከፍታው ከጉልበት አይበልጥም፣ ይወድቅብኛል የሚል ስጋት የለም። ማገዶ የሚፈልገውም፣ ምሰሶ የሚፈልገውም፣ ፍልጥ የሚሸጠውም ምሣሩን ይዞ ከተፍ ይላል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም የዛፉ ጠላት አይደለም። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ከሚለው ዘመዱ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የዝንቧ ነገር ንቀት ነው፤ ምሣር ግን የሚመጣው ትርፍ ፈልጎ ነው። ግንዱ የሚፈለጠው ስለሚጠቅም ነው፤ «ተዉት፣ የኔ ነው» የሚል ሰውም ስለሌለው።

የምሳሌው ጉልበት ደግሞ መጨረሻው ቃል ላይ ነው። «ይበዛበታል» ይላል እንጂ «ይበዛለታል» አይልም። ልዩነቱ «ፈረደበት» እና «ፈረደለት» መካከል እንዳለው ነው፤ ሥራው አንድ፣ የሰውየው ዕጣ ግን ሌላ። ይህችን ፊደል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ይህን ምሳሌ ከምንም በላይ በዓይኔ የሚያሳየኝ ጡረታ የወጣ የጦር መርከብ ነው። የጥንቱ የጦር መርከብማ በቁሙ ግንድ ነበር። እንግሊዞች ዛሬም በፖርትስማውዝ የሚጠብቋትን «ቪክቶሪ»ን ለመሥራት ወደ 6000 የሚጠጉ ዛፎች ተቆርጠዋል ይባላል፤ አብዛኞቹ ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ናቸው። በ1805 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዞች ፈረንሳይንና ስፔንን በባሕር ላይ ባሸነፉበት የትራፋልጋር ውጊያ ከእሷ ኋላ ተከትላ የገባችው «ቴሜሬር» 98 መድፍ የታጠቀች ነበረች። በ1838 ተሸጠችና በእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተች በቴምዝ ወንዝ ሽቅብ ወደ ሮዘርሃይዝ መፍረሻ ሄደች። ሠዓሊው ተርነር በ1839 ለሕዝብ ያሳየው ያንን የመጨረሻ ጉዞ ነው። በሥዕሉ ላይ ምሰሶዎቿ እንደ ቆሙ ናቸው። በእውነቱ ግን ገና ጉዞው ሳይጀመር ተነቅለው ነበር፤ ሠዓሊው ክብሯን ሊመልስላት የፈለገ ይመስለኛል። ከእንጨቷ ጥቂቱ በሮዘርሃይዝ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቁርባን ጠረጴዛና ወንበሮች ሆኗል።

መርከቡ ብረት ሲሆን ምሣሩም ተለወጠ፤ በጋዝ እሳት የሚቆርጥ መሣሪያ ሆነ። የአሜሪካዋ አውሮፕላን ተሸካሚ «ኢንተርፕራይዝ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 20 የውጊያ ኮከቦችን ያገኘች፣ ከሁሉም የአገሯ መርከቦች በላይ የተሸለመች ነበረች። አብረዋት የተዋጉት፣ አድሚራል ሃልሲን ጨምሮ፣ ሙዚየም ትሁን ብለው ተሯሯጡ፤ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን አልተገኘም። በ1958 ተሸጠችና እስከ 1960 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኪርኒ ላይ ተቆራርጣ አለቀች። ስሟ የተጻፈበት የኋላ ብረቷ ዛሬ በዚያው ግዛት ሪቨር ቬል በምትባል ቦታ ቆሟል። ያን ሁሉ ውጊያ አልፋ በሰላም ጊዜ ስለጠፋች መርከብ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሰው ብዙ የሚገረመው በዋጋው ነው። በ2021 «ኪቲ ሆክ» እና «ጆን ኤፍ ኬኔዲ» የተባሉት ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ለአፍራሽ ድርጅት የተሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ሳንቲም ነው፤ የአንድ ዶላር መቶኛ ማለት ነው። ይህ ግን የመርከቦቹ ዋጋ አይደለም። ገዢው ጎትቶ የሚወስድበትን፣ አስቤስቶሱን (ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳውን፣ ለሙቀት መከላከያ የተሠራበትን ቃጫ)፣ መርዛማ ቀለሙንና የቆየ ዘይቱን በጥንቃቄ የሚያወጣበትን ወጪ ሁሉ ራሱ ይችላል፤ ትርፉን የሚያገኘው ከብረቱ ሽያጭ ነው። «ኪቲ ሆክ» በፓናማ ቦይ ማለፍ ስለማትችል በጥር 2022 ከብሬመርተን ተነሥታ ደቡብ አሜሪካን ዞራ ቴክሳስ ብራውንስቪል የደረሰችው በግንቦት ማብቂያ ነበር። ወራት ሙሉ፣ ያለ ሞተርና ያለ ባሕረኛ፣ በገመድ ጫፍ።

ምሣር የሚበዛበት ግንድ ያሳዝናል። ምሣር እንኳ እንቢ ያለው ግንድ ግን የባሰ ነው። በፈረንሳይ «ፎሽ»፣ ኋላም በብራዚል «ሳኦ ፓውሎ» የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ ቱርክ ውስጥ ልትፈርስ መንገድ ጀምራ ነበር። በውስጧ ባለው አስቤስቶስ ምክንያት ቱርክ በ2022 ፈቃዷን ሰረዘች። ወደ ብራዚል ስትመለስም ወደብ የሚያስገባት ጠፋ፤ በውቅያኖስ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትጎተት ሰነበተች። በመጨረሻ የካቲት 3 ቀን 2023 ከባሕር ዳርቻው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሆን ተብላ እንድትሰጥም ተደረገች። ከነመርዟ ወደ ባሕር ሆድ መጣሏን ማንም ክብር ሊለው አይችልም።

የእኛዋም አለች። በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት የገባችው «ኦርካ» በ1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠችና «ኢትዮጵያ» ተባለች። የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖች መሠልጠኛ ነበረች። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የአገር ስም የተጻፈባት መርከብ በባዕድ ወደብ ቆማ፣ የሚቆረቆርላት ባለቤት ባጣችበት ሰዓት፣ ምሣሩ መጣባት። ምሳሌው «የወደቀ» የሚለው ይህን ነው፤ መውደቅ ባለቤት ማጣት ነው።

ባለቤት ማጣት ድህነት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የ«ኢምፕላከብል» ታሪክ ይመሰክራል። በትራፋልጋር በፈረንሳይ በኩል የተዋጋች፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዞች የተማረከች፣ ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የኖረች መርከብ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማደሻ ወጪዋን እሸፍናለሁ የሚል ሲጠፋ ታኅሣሥ 2 ቀን 1949 ወደ እንግሊዝ ቻናል ተጎትታ በፈንጂ እንድትሰጥም ተደረገ። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባንዲራዎች ጎን ለጎን ተሰቅለውላት ነበር። ሁለት አገሮች አከበሯት፣ ሁለቱም ግን አላዳኗትም። የኋላ ጌጧ ዛሬ ግሪኒች በሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ግድግዳ ላይ አለ። ባንዲራ መስቀል ቀላል ነው፤ በየዓመቱ ቀለምና ሳንቃ መግዛት ነው ከባዱ።

አሁን ወደዚያች ፊደል ልመለስ። ከ«በት» ወደ «ለት» የተሻገሩ ጥቂት መርከቦች አሉ። በ1914 አገልግሎት የጀመረችው «ቴክሳስ» በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ተዋግታ በ1948 ሙዚየም ሆነች። ሙዚየም መሆን ግን ከምሣር እንጂ ከዝገት አያድንም። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቆማ ሥር ሥሯን ዝገቱ ሲበላት፣ ፓምፕ ሌት ተቀን የሚገባውን ውሃ ሲያወጣ ኖረ፤ ሳይፈለጥ የተረሳን ግንድ ምስጥ እንደሚያደርገው። በነሐሴ 2022 ወደ ጋልቬስተን ተጎትታ ከውሃ ወጣች። እዚያ ሠራተኞች ያደረጉት አፍራሾች የሚያደርጉትን ነው፤ በእሳት ብረቷን ቆረጡ። ልዩነቱ የዛገውን አውጥተው በምትኩ አዲስ መበየዳቸው ነው። በ2024 ወደ ውሃ ተመለሰች። ያው እሳት ነው፣ ያው ብልጭታ ነው፤ በዝቶላት እንጂ በዝቶባት አልነበረም።

ከሁሉ ግን የጃፓኗ «ሚካሳ» ትበልጥብኛለች። በ1905 የሩሲያ መርከቦች በተሸነፉበት የሹሺማ ውጊያ አድሚራል ቶጎ ያዘዘባት ዋና መርከብ ነች። የኃያላን አገሮችን የጦር መርከቦች በገደበው በ1922ቱ የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ውል መሠረት ከአገልግሎት መውጣት ነበረባት፤ ፈራሚዎቹ ስለፈቀዱላት ብቻ ዮኮሱካ ላይ ዙሪያዋ በኮንክሪት ታስሮ በ1926 መታሰቢያ ሆነች። ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ተራው የእሷ ሆነ። መድፎቿ፣ ምሰሶዎቿ፣ ከወለሏ በላይ ያለው ሁሉ ተነቅሎ ሄደ፤ የጦር አዛዦች በቆሙበት ወለል ላይ የዳንስ አዳራሽ ተሠራ። ያን ጊዜ ከሚቆረቆሩላት አንዱ የጃፓንን ባሕር ኃይል ያሸነፈው አሜሪካዊው አድሚራል ኒሚትዝ ነበር። በወጣትነቱ ቶጎን አግኝቶት ያውቃልና ለመታደሷ ድጋፉን ሰጠ። በ1961 ታድሳ ተከፈተች።

ግን የተነቀሉት ክፍሎቿ ከየት ይምጡ? እንደ እሷው እንግሊዝ አገር የተሠራችው የቺሊዋ የጦር መርከብ «አልሚራንቴ ላቶሬ» በዚያው ሰሞን ተሸጣ ልትፈርስ ጃፓን ደርሳ ነበር። በ1959 ፓሲፊክን ተሻግራ ዮኮሃማ ገብታለች። አፍራሾቹ ከላቶሬ ላይ ከቆረጧቸው ዕቃዎች የተወሰኑት ወደ ብረት ማቅለጫ አልሄዱም፤ ዮኮሱካ ተወስደው በሚካሳ ባዶ ወለል ላይ ተተከሉ፣ ዛሬም እዚያው ናቸው።