ከቆርኪ እስከ ቆጣሪ፦ ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ መሣሪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የተባለውን ክፍል ያስከፈተ ሰው፣ ከካርታውና ከጭቃ ከተሠራው ቅርጻ ቅርጽ አጠገብ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ሳያይ አይወጣም። በፍሬሙ ላይ ሽቦዎች ተወጥረዋል፤ በየሽቦው አሥር አሥር የለስላሳ ቆርኪ ተሰክቷል። ይህ አባከስ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ የለበሰ ሲሆን፣ ከግድግዳው የሚወርደው የወረዳ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እኔም ለረጅም ጊዜ እንደተሰቀለ ትቼው ነበር። ያስተወኝ ስለ እሱና ስለ ዘመዶቹ መሣሪያዎች በመምህራን ማረፊያ ክፍልና በወላጆች ስብሰባ የሚነገረው ነገር ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምመለስባቸውም እነዚያው ንግግሮች ናቸው።

«አባከስ የሕፃናት መጫወቻ ነው»

መሣሪያው የተፈጠረው ለአዋቂዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በግሪክ አገር በሳላሚስ ደሴት የተገኘው የእብነ በረድ ሰሌዳ፣ ጠጠር እየተደረደረበት ሒሳብ እንዲሠራበት መስመሮች የተቀረጹበት ነው። በላቲን «ካልኩለስ» ትንሽ ጠጠር ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በየሱቁ ያለው ካልኩሌተር ስሙን ያገኘው ከዚያው ጠጠር ነው። ቻይናውያን ነጋዴዎች በየዘንጉ ከላይ ሁለት፣ ከታች አምስት ዶቃ ባለው ሰሌዳ ሲገበያዩ ኖረዋል፤ ጃፓኖች ደግሞ ከላይ አንድ፣ ከታች አራት ዶቃ እስኪቀር ድረስ አቅልለውታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1946 በቶኪዮ ኪዮሺ ማትሱዛኪ የተባለ ጃፓናዊ ሠራተኛ በዶቃ ሰሌዳ፣ ቶማስ ውድ የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ደግሞ በኤሌክትሪክ ማስያ ተወዳድረው፣ ዶቃው አራት ለአንድ አሸንፏል።

እኛ ክፍል ውስጥ ያለው ባለ አሥር ዶቃው ዓይነት የሩስያ ሱቆች መሣሪያ ዘመድ ነው። ዣን ቪክቶር ፖንስሌ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1812 ናፖሊዮን ከሩስያ ሲያፈገፍግ ተማርኮ በሳራቶቭ ከተማ ቆይቶ ነበር፤ በ1814 ወደ አገሩ ሲመለስ እዚያ ያየውን የነጋዴዎች መቁጠሪያ ለፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች እንዳስተዋወቀ ይነገርለታል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሕፃናቱ የደረሰው ከአዋቂዎቹ ተወስዶ ነው።

«መቁጠሪያ ስለሆነ የሚያገለግለው ለመቁጠር ብቻ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ይህ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ስሕተቱ ከስሙ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ። መቁጠሪያ ስንል አስቀድሞ በዓይናችን የሚመጣው የጸሎቱ መቁጠሪያ ነው፤ እግዚኦታውን 41 ጊዜ የሚያደርስ ሰው አንዱን ፍሬ ከሌላው ሳያበላልጥ በጣቱ ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ነው። የክፍሉ አባከስ ግን እንዲህ ብቻ ከተሠራበት መቶ ቆርኪ ከመሆን አያልፍም። ዋናው ጥቅሙ የሚገለጠው ሽቦዎቹ የቁጥር ቤቶች ሲሆኑ ነው፦ አንዱ ሽቦ የአንድ ቤት፣ ቀጣዩ የአሥር ቤት፣ ሦስተኛው የመቶ ቤት። ያን ጊዜ በመልክ አንድ የሆኑት ቆርኪዎች በሚቀመጡበት ቤት ምክንያት አንድም አሥርም መቶም ይሆናሉ። አንዱን አሠራር ከሌላው ጋር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሳያስጠነቅቁ መቀላቀል ልጆችን ግራ ማጋባት እንደሆነ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ለማየት «ሦስት መቶ ሁለት» ብሎ ማጻፍ ይበቃል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂት የማይባሉት 3002 ብለው ይጽፋሉ፤ ሦስት መቶን ጽፈው ሁለትን ስለሚያስከትሉ ነው። ልጁ የጆሮውን ታምኖ ጻፈ እንጂ አልተዘናጋም፤ ምክንያቱም በንግግራችን ስለ ባዶው የአሥር ቤት የሚናገር ቃል የለም። በግዕዝ ቁጥርም ፫፻፪ ተብሎ ሲጻፍ ሦስት፣ መቶ፣ ሁለት የሚሉ ምልክቶች ይከታተላሉ እንጂ ዜሮ የለበትም። ከግሪክ ፊደላዊ ቁጥሮች የመጣው የግዕዝ አጻጻፍ የቤት ዋጋ ስለማይጠቀም ዜሮም አላስፈለገውም። በአባከሱ ላይ ግን ያ ዝም የተባለው ቤት በዓይን ይታያል፦ ሦስት ቆርኪ፣ ባዶ ሽቦ፣ ሁለት ቆርኪ። ዜሮ ማለት «ምንም» ነው ብሎ ከማስጠናት ይልቅ፣ ሰው የሌለበት ግን በሩ ያልፈረሰ ቤት አድርጎ ማሳየት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር «መበደር» የምንለው ነው። 302 ሲቀነስ 148 ብለን ስንጽፍ «ከሁለት ላይ ስምንት አይቀነስም፤ ከጎረቤት አንድ እንበደር» እንላለን። ጎረቤቱ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ ምን ይበደሩታል? አንድ ተማሪዬም «መቼ ነው የምንመልሰው?» ብሎ ጠይቆኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የተበደረ ይመልሳላ! በእርግጥ የሚደረገው ነገር በገበያ ቀን ሁሉም የሚያውቀው መዘርዘር ነው። መቶ ብር ይዘን ሻይ ቤት ስንገባ አንበደርም፤ እንዘረዝራለን። በአባከሱ ላይ ከመቶው ቤት አንድ ቆርኪ እንመልስና በአሥር ቤት አሥር እናመጣለን፤ ከአሥሩ አንዱን ደግሞ እንዘረዝርና ዘጠኝ ይቀራል። የአንድ ቤት ሽቦ አሥር ቆርኪ ብቻ ስላለው 12 አይችልም፤ ስለዚህ ከዘረዘርነው አሥር ላይ ስምንቱን ወዲያው እናነሣለን፤ የቀረው ሁለት ከቀድሞው ሁለት ጋር አራት ይሆናል። ከዘጠኙ አሥሮች አራት፣ ከሁለቱ መቶዎች አንድ ሲነሣ 154 ይገኛል። ልጁ ዝርዝሩን በእጁ ከሠራ በኋላ በደብተሩ ላይ የሚሰርዛቸውና የሚጽፋቸው ትንንሽ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ያውቃል። «አንድ ይያዛል» የምንለውም የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ ዝርዝሩን ሰብስቦ ድፍን ብር መቀበል ማለት ነው።

«በጣት የሚቆጥር ልጅ ደካማ ነው»

በጣት ሲቆጥር የተገኘ ልጅ እጁን በማስመሪያ የሚመታበት ዘመን እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። ጣት ማንም ቤቱ የማይረሳው የመጀመሪያው መሣሪያ ነው፤ በአሥር መሠረት መቁጠራችንም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። መምህሩ መከታተል ያለበት ልጁ ጣቱን መጠቀሙን ሳይሆን እንዴት እንደሚጠቀም ነው። ሰባትን ከአምስት ጋር ለመደመር ሰባቱንም ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥር ልጅ አለ፤ «ሰባት» ብሎ አምስት ጣት ብቻ የሚቀጥል አለ፤ «ሰባትና ሦስት አሥር፣ ሁለት ይቀራል» የሚልም አለ። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ወደ ሦስተኛው ማሸጋገር ይቻላል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲደብቅ ማድረግ ግን የትም አያደርሰውም።

«በመሣሪያ የለመደ ተማሪ ያለ መሣሪያ መሥራት አይችልም»

በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። መሣሪያው መቼም የማይነሣ ከሆነ ልጁ ቆርኪ መግፋትን ይለምድና ማሰቡን ይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስቀመጠው፣ ሰው አንድን ነገር በድርጊት፣ በሥዕል እና በምልክት ይወክለዋል፤ የእኛ ስሕተት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው መዝለል ነው። ከቆርኪው ቀጥሎ ልጆቹ የአባከሱን ሥዕል በደብተራቸው እንዲሠሩ፣ ከዚያም ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ዘግይቶ የመጣልኝ ዘዴ አባከሱን በነጠላ ሸፍኖ «አሁን የትኛው ቆርኪ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ ይመልሳሉ። በጃፓን በዶቃ ሰሌዳ በደንብ የሠለጠኑ ተማሪዎችም እንዲሁ ሰሌዳውን በሐሳባቸው እያዩ ከባድ ቁጥሮችን ይደምራሉ። መሣሪያው ከእጅ ወጥቶ ወደ ጭንቅላት የሚገባ ከሆነ ጥገኝነት ሊባል አይችልም።

«ስልክ ካለ ይህ ሁሉ ለምን?»

ስልኩ መልሱን ይነግራል፤ መልሱ እንዴት እንደተገኘ ግን አያሳይም። ጥርስ ያላቸው የድሮ ማሽኖች ግን ሆዳቸው ክፍት ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺካርድ እ.ኤ.አ. በ1623 ባለ ጥርስ ማስያ ነድፏል፤ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ደግሞ በ1642፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ በሩዋን ከተማ በግብር ሒሳብ የሚደክመውን አባቱን ለማገዝ የራሱን ማሽን መሥራት ጀምሯል። የሁለቱም ቁልፍ ችግር አንድ ነበር፦ መንኮራኩሩ ከዘጠኝ ወደ ዜሮ ሲያልፍ ቀጣዩን መንኮራኩር አንድ ጥርስ ብቻ እንዴት ይግፋው? ይህ የእኛ «አንድ ይያዛል» ነው። በየግቢው ባለው የውኃ ቆጣሪ ላይ፣ ወይም ከጋራዥ በተጣለ የሞተር ሳይክል ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ላይ ይኸው ነገር ይታያል። አንድ እንዲህ ያለ የተጣለ መቁጠሪያ ክፍል ውስጥ ይዞ 0999 ላይ ማቆምና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማስገመት፣ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

የፓስካል ማሽን ወደ ኋላ ስለማይዞር መቀነስን የሚሠራው በመደመር ነበር። የቀደመውን ምሳሌ እንውሰድ፦ የ148 እያንዳንዱ አኃዝ ከዘጠኝ የሚጎድለው ሲጻፍ 851 ነው፤ 302 እና 851 ሲደመሩ 1153 ይሆናሉ፤ የፊተኛውን አንድ ከሺው ቤት አንሥተን በአንድ ቤት ላይ ስንጨምረው 154 እናገኛለን። ጎበዝ ተማሪ ይህን ሲያይ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ የክፍለ ጊዜው ቀሪ ሰዓት ለዚያ ጥያቄ ቢሰጥ አይባክንም።

«በጀት ከሌለ መሣሪያ የለም»

በደጋው የባሕር ዛፍ ፍሬ በየመንገዱ ረግፏል፤ ስንደዶ አሥር አሥር ተደርጎ ሲታሰር የአሥር ቤት ይሆናል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ የማሽላ አገዳ አለ። ባቄላ ግን አልመክርም፤ የተቆላ ከሆነ እስከ ዕረፍት ሰዓት አይቆይም።

ለማባዛት ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር እ.ኤ.አ. በ1617 ያሳተማቸውን በትሮች ከካርቶን መቁረጥ ይቻላል። በእያንዳንዱ በትር ላይ የአንድ አኃዝ ብዜቶች ይጻፋሉ፤ አሥሩና አንዱ በሰያፍ መስመር ይለያሉ። 427ን በ6 ለማባዛት የ4፣ የ2 እና የ7 በትሮች ጎን ለጎን ይቀመጡና በስድስተኛው ረድፍ 24፣ 12፣ 42 ይነበባል፤ በሰያፍ ሲደመር ከቀኝ ወደ ግራ 2፣ ከዚያ 4 እና 2 ስድስት፣ ከዚያ 1 እና 4 አምስት፣ በመጨረሻም 2 ይመጣና 2562 ይሆናል።

የተገዛ መሣሪያም ቢሆን ቀለም ስለበዛበት አይሻልም። ቤልጅየማዊው መምህር ጆርጅ ኩዊዝኔር ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን እንጨቶች ቀለም የቀባቸው ለጌጥ ብሎ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ርዝመት ብቻ ያመለክታል፤ ባለ 2 ሴንቲ ሜትሩ ቀይ፣ ባለ 5ቱ ቢጫ፣ ባለ 10ሩ ብርቱካናማ ነው። እነዚህን እንጨቶች በዓለም ያስተዋወቀው ካሌብ ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኔስኮ በኩል ኢትዮጵያ መጥቶ እንደነበረ በመምህራን ዘንድ ብዙም አይወራም።

«በጠጠርና በጉድጓድ ማባዛት የእኛ ብቻ ነው»

በውጭ አገር የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል፣ በጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እያስቀመጡ አንዱን ቁጥር በማጋመስ ሌላውን በእጥፍ በማሳደግ የሚያባዙበት ዘዴ አለ፤ ይህን ያነበቡ ባልደረቦቼ በኩራት ያወሩታል። ኩራቱ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ይኸው ዘዴ በሌሎች ጽሑፎች «የሩስያ ገበሬዎች ማባዛት» ይባላል፤ በእጥፍ የማባዛት ስሌትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው የግብጽ የሒሳብ ጽሑፍ፣ በራይንድ ፓፒረስ ላይ ይገኛል። የማንም ይሁን የማን፣ ለክፍል የሚሆን ግሩም መሣሪያ ነው፤ የገበጣ ሰሌዳም ጉድጓዶቹን ያለ ወጪ ያቀርባል።

13 በግ እያንዳንዱ በ24 ጠጠር ቢተመን በግራ ዓምድ 13ን እያጋመስን ትርፉን እየጣልን 13፣ 6፣ 3፣ 1 እናደርጋለን፤ በቀኝ ዓምድ 24ን በእጥፍ እያሳደግን 24፣ 48፣ 96፣ 192 እናስቀምጣለን። በግራ ያለው ቁጥር ያለ ትርፍ ለሁለት የሚካፈልበት ረድፍ፣ ማለትም የ6ቱ፣ ይጣላል፤ የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ተደምረው 312 ይሰጣሉ። የ6ቱ ረድፍ የሚጣለው በአጉል እምነት አይደለም። 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ነው፤ በውስጡ 2 የለም፤ 48 ደግሞ የሁለት በግ ዋጋ ነው።