ማይኮራይዛ ምንድን ነው? ፎስፈረስስ ምን አገናኘው?

የማሽላ፣ የጤፍ ወይም የቡና ሥር ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻውን አይደለም። ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ሥሩ ውስጥ ገብተው፣ ህዋሶቹ ውስጥ ደቃቅ ቅርንጫፍ አውጥተው ይታያሉ። ይህ የሥርና የፈንገስ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሽርክናው ግን ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳርና ቅባት ለፈንገሱ ያካፍላል። ድርሻው ቀላል አይደለም፤ ካስገባው ካርቦን ከ4 እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ፈንገሱ በምላሹ በዋናነት ተክል ለማደግ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረስን ያመጣለታል።

ለምን ፎስፈረስ? ናይትሬት (ተክል ናይትሮጅን የሚያገኝበት ውህድ) ከውኃ ጋር እየሄደ ራሱ ሥሩ ጋ ይደርሳል። ፎስፈረስ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። በተለይ በደጋው ቀይ አሲዳማ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው ይይዙታል። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ይጨርስና ዙሪያው ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ይቀራል። የፈንገሱ ክር ያንን ተሻግሮ ብዙ ሴንቲሜትር ይሄዳል። ከሥር ፀጉር ስለሚቀጥን፣ ሥር የማያስገባው ቀዳዳ ውስጥም ይገባል።

ሽርክናው የሚጠብቀውም የሚላላውም እንደ አፈሩ ነው። ፎስፈረስ ሲያጥረው ተክሉ ከሥሩ ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ፈንገሱ ይህን ሲያገኝ ቅርንጫፍ እያበዛ ወደ ሥሩ ይመጣል። ፎስፈረስ ሲበዛ ተክሉ ጥሪውን ይቀንሳል፤ ሥሩ ውስጥ ያለው ፈንገስም እየሳሳ ይሄዳል። ራሱ ማግኘት ከቻለ ስኳሩን ለምን ያወጣል? ናይትሮጅን በዝቶ ፎስፈረስ ሲያንስ ደግሞ ፈንገሱ በጣም ይፈለጋል። ሁለቱም ሲትረፈረፉ ግን ፈንገሱ ከሚሰጠው የሚበላው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ፈንገስ ሁሌም ወዳጅ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ማዳበሪያ ይቅር ማለትም አይደለም፤ ፈንገስ አፈሩ ውስጥ የሌለ ፎስፈረስ አይፈጥርም።

ያለዚህ ሽርክና የሚኖሩም አሉ። ጎመንና ግብጦ ማይኮራይዛ የላቸውም። ግብጦ ችምችም ያሉ ደቃቅ ሥሮች አውጥቶ፣ ከነሱ አሲድ እያመነጨ፣ የታሰረውን ፎስፈረስ ራሱ ያስለቅቃል።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ በሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረው አረም፣ የአቀንጭራ ጉዳይ ነው። ማሽላ ዘርተው የሚኖሩ ገበሬዎች ያውቁታል፤ አበባው ያምራል፣ ማሳውን ግን ያደርቀዋል። ዘሩ ከአሸዋ ያነሰ ደቃቅ ነው። አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሚቀሰቅሰውም ያው ስትራይጎላክቶን ነው። ማሽላው ተርቦ ፈንገስ ሲጠራ አቀንጭራ ቀድሞ ይሰማል፣ ይበቅላል፣ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማሽላ ናይትሮጅን ሲያጥረውም ይህንኑ ኬሚካል አብዝቶ ይለቃል። መሬቱ ፍግና ማዳበሪያ ሲያገኝ ጥሪው ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጡ ሰው ናቸው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ለገበሬ ደርሰዋል። በኋላ የመጣ የዘረመል ጥናት የመቋቋሙን ምስጢር አንድ ዘረመል ላይ አገኘው። ይህ ዘረመል ሲጠፋ ማሽላው በብዛት የሚለቀው የስትራይጎላክቶን ዓይነት ይቀየራል። አዲሱ ዓይነት ኦሮባንኮል ይባላል። የአቀንጭራን ዘር እምብዛም አይቀሰቅስም፤ ፈንገሱን ግን ይጠራል።