ካሳው የመሬት ነው ወይስ የቤት?

እዚህ ግሩፕ ላይ በመጣሁ ቁጥር፣ ለልማት ከቦታቸው ለሚነሡ ሰዎች ስለሚከፈለው ካሳ ያው ጥያቄ ነው፦ «ፒያሳ አጠገብ ያለ ቦታ ወርቅ ነው፣ ካሳው ለምን አነሰ?»

መልሱ አጭር ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ የሚገመተው መሬቱ ላይ ያለው ንብረት ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጓሮ ያለችው ጌሾ ሳትቀር። ቦታው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ አይገባም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያናድደኛል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ለምሳሌ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች እንውሰድ። እትዬ የራሳቸው የጭቃ ቤት፣ ካርታም አላቸው። ጋሼ የቀበሌ ቤት ተከራይ ናቸው። መንገድ ሲሰፋ ሁለቱም ይነሣሉ። እትዬ የቤቱን ካሳ ያገኛሉ። ሒሳቡም «እንዲህ ያለ ቤት ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል?» ተብሎ ነው። ከዚያ ምትክ ቦታ አለ። ጋሼ ግን አርባ ዓመት ቢኖሩበትም የቤቱ ካሳ አይመለከታቸውም። ቤቱ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ነው፤ የወር ኪራዩ እስከ መቶ ብር የነበረው ወደ ቀበሌ ሄደ። እሳቸው የሚጠይቁት ምትክ ቤት ነው።

እስካሁን ያልኩት የትም አንድ ነው። ምትኩ የት ሰፈር እንደሚሆን፣ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ጋሼ በራሳቸው ገንዘብ የቀጠሏት ማድ ቤት ትቆጠር አትቆጠር ግን እንደ ክልሉ ወይም እንደ ከተማው መመሪያና እንደያዙት ወረቀት ይለያያል። እንዲህ ለቀጠላችሁት ፈቃድ ያወጣችሁበት ደብዳቤ ካለ ዛሬውኑ ፈልጉት።