በጋው አልቆ መጸው ሲገባ የዱር እንስሳትን መመልከት

አራቱ ወቅቶች በግልጽ በሚለዩባቸው የሰሜኑ አገሮች፣ ነሐሴ ሲያልቅ የበጋው ሙቀት መብረድ ይጀምራል። መስከረም አጋማሽ ግድም ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ እየረዘመ ይሄዳል። ብዙ ሰው ጫካ የሚወጣው በጸደይ፣ ወፉ ሲዘምርና አበባው ሲፈነዳ ነው። እኔ ግን ይሄኛውን ሰሞን አስበልጣለሁ። ሁሉም እንስሳ ለብርዱ እየተሰናዳ ነው፤ ስንቁን ሲይዝም በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ ላይ ጫካው ጭር ሊል ይችላል። ወፎቹ ግን አልሄዱም። ጫጩት አሳድገው ስለጨረሱ ዝማሬውን ትተዋል፤ ያረጀ ላባቸውን እየቀየሩ ስለሆነም ይደበቃሉ። ብዙ ወንድ ዳክዬዎች የሚያምረውን ቀለማቸውን ጥለው ሴቷን ይመስላሉ፤ ለጥቂት ሳምንታትም ጭራሽ መብረር አይችሉም።

ከዚያ ስደቱ ይጀምራል። ዋናው ቀስቃሽ የቀኑ ማጠር ነው። ጅራታቸው ለሁለት የተሰነጠቀው ጨረባዎች ሽቦ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ከአውሮፓ ተነስተው ሰሃራን አቋርጠው ይወርዳሉ። ሽመላዎች ደግሞ ከመሬት የሚነሳውን ሞቃት አየር ይዘው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይንሳፈፋሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን ይሸሻሉ፤ ባሕሩ በሚጠብባቸው በጂብራልታር ወይም በቦስፎረስ በኩል ይዞራሉ። ትናንሾቹ ወፎች በአብዛኛው ሌሊት ስለሚበሩ ማለዳ ቁጥቋጦ ውስጥ ርቧቸው ሲለቅሙ ይገኛሉ።

የአንዳንዶቹ ጉልበት ለማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 መከታተያ የተገጠመለት ባር-ቴይልድ ጎድዊት የሚባል ወፍ ከአላስካ እስከ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን፣ አንዴም ሳያርፍ በሯል። ያውም ገና የአምስት ወር ልጅ ነበር! በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች ትወርዳለች። የበጋዎቹ ሞናርኮች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲኖሩ፣ ይህን ጉዞ የሚያደርጉት እስከ ስምንት ወር ይቆያሉ።

የማይሰደደው ይበላል፣ ያከማቻል። ግሪዝሊ ድብ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ይመገባል። የቁራ ዘመድ የሆነው ጄይ የኦክ ዛፍ ፍሬ እየለቀመ መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ሳያወጣው የቀረው በቅሎ አዲስ ዛፍ ይሆናል። ስለዚህ እንስሳ ከመፈለግ በፊት ምግቡን መፈለግ ይሻላል። የዱር እንጆሪ የበሰለበት ቁጥቋጦ አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው፣ ሙሉ ቀን ሲዞር ከዋለው የበለጠ ያያል።

ከመስከረም እስከ ጥቅምት ወንዶቹ ቀይ አጋዘኖች በሴት ይፋለማሉ። ግሳታቸው ከሩቅ ይሰማል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ በዚህ ጊዜ ቁጡ ናቸው፣ መጠጋት አደገኛ ነው። እነሱንም መረበሽ ተገቢ አይደለም፣ ጉልበታቸው ለክረምቱ ብርድ ያስፈልጋቸዋል።

ጥሩው ሰዓት ንጋትና ምሽት ነው። ነፋሱ ከእንስሳው ወደ ተመልካቹ ሲነፍስ ጠረን አያሸሸውም። ለጀማሪ 8×42 የሚል ባይኖኩላር (ሩቅ ማሳያ መነጽር) ይበቃል፦ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱም 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በደብዛዛ ብርሃን ጥሩ ያሳያል።